ብስክሌት ማደስ ወይስ መጠገን?

አማርኛ ለአሮጌ ዕቃ ሁለት ቃል አለው፤ ማደስና መጠገን። በየቀኑ አንዱን በሌላው ቦታ እንጠቀማለን፣ ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ግን ሐሳባቸው ለየቅል ነው። ማደስ አዲስ ማድረግ ነው፤ ሥራው በደንብ ከተሠራ አሮጌው እንዳልነበረ ይሆናል። መጠገን ግን የወጌሻ ቃል ነው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ሲጠግን አዲስ እጅ አይሰጥም፤ ያው እጅ መልሶ እንዲያነሳና እንዲጥል ያደርገዋል። ስብራቱ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፣ በብርድ ቀንም ያስታውሰዋል።

እዚህ የማነሳት ዕቃ ራሌ ትዌንቲ የምትባል የእንግሊዝ ታጣፊ ብስክሌት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ሰሜን ለንደን ውስጥ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ጋራዣቸውን ሲያጸዱ በርካሽ ገዛኋት። ፈታኋት፣ ጠገንኳት፣ አሁን ሥራ የምመላለሰው በእሷ ነው። ግን የብስክሌቴን ገድል ልተርክላችሁ አይደለም፤ ልተች ነው። ልብ ወለድ እንተቻለን፣ ፊልም እንተቻለን፣ አዲስ አልበም ሲወጣ ሌሊቱን አድረን እንከራከራለን። ብስክሌትም እኮ ሰው አስቦ፣ ተጨንቆ የሠራው ነገር ነው። ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡም ይሳካል ወይ ይከሽፋል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነሳው ሰው እንዴት ያነበዋል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። የኔ ክርክር ይሄ ነው፤ አሮጌ ብስክሌት “አድሰናል” ብለው የሚያብረቀርቅ ፎቶ ከሚለጥፉት አብዛኞቹ ጽሑፉን ሳያነቡ ሰርዘው በላዩ የራሳቸውን ጽፈዋል።

ከየት መጣች

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ግትር መሐንዲስ ነው። አሌክስ ሞልተን ሚኒ ለምትባለው ትንሽ መኪና በሞላ ፈንታ የሚያገለግል የላስቲክ አካል የሠራ ሰው ነው። ይህን ዕውቀቱን ወደ ብስክሌት ወሰደና “ብስክሌት ትልቅ ጎማ ለምን ያስፈልገዋል?” የሚል ጥያቄ አነሳ። በ1962 (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ባለ 16 ኢንች ጎማ ብስክሌት አወጣ። ትንሽ ጎማ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ወደ ነጂው ያስተላልፋል፤ እሱ ይህን በላስቲክ ሞላ ፈታው። ሐሳቡን አስቀድሞ ለኖቲንግሃሙ ራሌ ኩባንያ አቅርቦ አልፈለጉትም ነበር። ብስክሌቱ ገበያ ላይ ሲነግሥ ነው የደነገጡት።

ራሌ በ1965 መልስ ሰጠ፤ አር ኤስ ደብልዩ 16። ትንሽ ጎማ አላት፣ ሞላ ግን የላትም። በሞላው ፈንታ ወፍራምና ለስላሳ ጎማ አጠለቁላት። ለስላሳ ጎማ መንገጫገጩን ይውጣል፣ የነጂውንም ጉልበት አብሮ ይውጣል። በ1967 ራሌ የሞልተንን የብስክሌት ሥራ ገዛው። በ1968 ትዌንቲ ወጣች፤ ጎማዋ ወደ 20 ኢንች አደገ፣ ቀጠነ፣ ሞላ የሚባል ነገር ተረሳ። ከመሐል የምትታጠፈዋ ዓይነት ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተለች።

ትዌንቲ እንግዲህ የደፋር ሐሳብ የተለዘበ ቅጂ ናት። በኪነ ጥበብ ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ እንንቃለን። እዚህ ላይ ግን መለዘቡ ሠርቷል። ሞልተን ሊቅ ነው፣ የሱን ብስክሌት ለመጠገን ግን የሱን መለዋወጫ መፈለግ አለባችሁ። ትዌንቲን መፍቻ፣ መዶሻና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይፈታታል። የመሐል አግዳሚ ስለሌላት ቀሚስ የለበሰም፣ ጉልበቱን የሚያመውም፣ ዘንቢል የያዘም ይወጣባታል። መቀመጫዋ ከፍም ዝቅም ስለሚል እናትና ልጅ ይጋሯታል።

ስለ ማጠፍ

ማጠፍ በአማርኛ ጥሩ ስም የለውም። ቃሉን ያጠፈ ሰው አይታመንም። እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰነፍ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ታጣፊ አልጋ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የሚወጣው። የተኛበት ያውቃል፤ ታጥፎም ቦታ ይይዛል፣ ተዘርግቶም ወገብ ያጎብጣል።

ትዌንቲ እንደ ታጣፊ ዕቃ ከተመዘነች ከዚያ አልጋ ብዙም አትሻልም። ከመሐል ማጠፊያዋ ትከፈትና ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መሪና መቀመጫዋ ወደ ታች ይወርዳሉ። አለቀ። የተጠቀለለ ነገር አይወጣትም። ክብደቷ ከ15 ኪሎ በላይ ነው። የለንደን ምድር ባቡር የታጠፈ ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ያስገባል፤ የዚያን ደረጃ እሷን ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ግን ለሁለተኛ ጊዜ አይሞክረውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድሩ ሪቺ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ብሮምፕተንን መሥራት ሲጀምር የጠየቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ታጥፎ በእጅ የማይያዝ ነገር ምን ታጠፈ ይባላል? ብሮምፕተን ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ ቅባት የነካውን ካቴና ወደ ውስጥ ይደብቃል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። በማጠፍ ውድድር ትዌንቲ ገና ሳትነሳ ተሸንፋለች።

ታዲያ ለምን እወዳታለሁ? ማጠፊያዋን ተመልከቱት። ወፍራም ነው፣ ደንዳና ነው፣ ሲቆለፍ ከመሐል የተቆረጠ ብስክሌት ላይ እንደተቀመጣችሁ ትረሳላችሁ። የሠሩት ሰዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ታጥፋ ትንሽ እንድትሆን ወይስ ተዘርግታ ጠንካራ እንድትሆን። ሁለተኛውን መረጡ። ማጠፉ ለመኪና ሻንጣና ለጠባብ ኮሪደር ይበቃል፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልገባችም። ሰው “መጥፎ ታጣፊ” ሲላት እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የማትመልሰውን ጥያቄ እየጠየቃት ነው።

ሞዞው ላይ ያለው ቁጥር

የእንግሊዝ ብስክሌት ስፈታ አፌ ላይ የሚመጣው የጣልያን ቃል ነው። ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ። የሰፈራችን ጎሚስታ ያስተማረን እነዚህን ነው፤ “ጎሚስታ” ራሱ ጣልያንኛ ነው። ኖቲንግሃም የተሠራ ብረት፣ በሮም ቃል፣ በአዲስ አበባ አነጋገር። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ዕቃ ከአንድ ቦታና ከአንድ ዘመን ብቻ ንጹህ ሆኖ አይመጣም፤ የምንጠራበት ቃል እንኳ የሌላ ታሪክ ዝገት አለበት።

የኋላው ሞዞ፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ሦስት ማርሽ ውስጡ ደብቋል። ስተርሚ አርቸር ኤ ደብልዩ ይባላል። ሲፈታ መሐሉ ላይ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ፤ መሐንዲሶች ፀሐይ ይሉታል። አራት ትናንሽ ፕላኔቶች ይዞሩታል፣ እነሱን ደግሞ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት ይከባቸዋል። 20 ለ60 ሲካፈል አንድ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ማርሽ ከሁለተኛው ልክ በአንድ ሦስተኛ ይፈጥናል፣ አንደኛው ደግሞ ከሁለተኛው በአንድ አራተኛ ይዘገያል። ውስጡ በደህና ከተያዘ የሚፈልገው በትንሿ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው።

ውጪው ላይ፣ ከቅባትና ከአፈር ሥር፣ ቁጥር ተመትቷል። ስተርሚ አርቸር ሞዞዎቹ ላይ የተሠሩበትን ዓመትና ወር ይመታ ነበር። የኔው “74 2” ይላል። ፌብሩዋሪ 1974።

በዚያ ወር እንግሊዝ አገር “የሦስት ቀን ሳምንት” ላይ ነበረች። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞችም ከመንግሥት ጋር ተፋጥጠው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ አብዛኞቹ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መብራት እንዲጠቀሙ ተወስኖ ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኛ አቆጣጠር የካቲት 1966፣ ያው የነዳጅ ጭማሪ የታክሲ ሾፌሮችን ሥራ አስቁሟል። መምህራንም አድመዋል፣ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ሳይነካ ያለፈው ሰው የለም። እኔ የሚገርመኝ አንዲት የብስክሌት ሞዞ ላይ የተመታች ቁጥር ሁለቱን ከተሞች በአንድ ገመድ ማሰሯ ነው። ቁጥሩን የመታው ሠራተኛ አዲስ አበባን አያውቃትም፣ ታክሲ ያቆመው ሾፌር ኖቲንግሃምን አያውቃትም። የበርሜል ዋጋ ግን ለሁለቱም ደርሷቸዋል።

ያንን ሠራተኛ በመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። አለን ሲሊቶ በልጅነቱ ራሌ ፋብሪካ የሠራ ደራሲ ነው። በ1958 ባሳተመው “የቅዳሜ ሌሊትና የእሑድ ጠዋት” ልብ ወለድ፣ አርተር ሲተን የብስክሌት ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲያስጠርብ ይውላል። የሚከፈለው በቁጥር ነው። በጣም ከፈጠነ የቁራጭ ዋጋው ይቀነስበታል፣ ስለዚህ ፍጥነቱን እያሰላ ይሠራል። ልብ ወለዱን ካነበብኩ በኋላ የብስክሌቴን የተበየዱ ቦታዎች ያየሁበት ዓይን ተለወጠ። አንዱ ብየዳ ለስላሳ ነው፣ ሌላው ጉብ ጉብ ብሏል። ጉብ ጉብ ያለውን ሞርዶ ማለስለስ ይቻል ነበር። ግን የማንን እጅ ነው የማጠፋው?

ሁለቱ ጎራዎች

የድሮ ብስክሌት ወዳጆች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አዳሾቹ ናቸው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ይገፉታል፣ በምድጃ የሚጋገር አዲስ ቀለም ይቀቡታል፣ ጽሑፎቹን አሳትመው ይለጥፋሉ፣ ክሮሙን ያስነክራሉ። ሲጨርሱ ብስክሌቷ ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን የበለጠ ታምራለች። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ እንደዚያ ሆና ወጥታ አታውቅም። ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሳያፍር ተናግሮታል፤ ለእሱ ማደስ ማለት ሕንፃውን ምናልባት በየትኛውም ዘመን ኖሮ ወደማያውቅ ምሉዕ ሁኔታ መመለስ ነበር። በ1849 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ራስኪን እድሳት ሕንፃ ላይ ሊደርስ ከሚችለው ጥፋት ሁሉ የከፋው ነው ብሎ ጽፏል። የብስክሌት አዳሾች ቪዮሌ ለ ዱክን ባያነቡትም ልጆቹ ናቸው።

ሁለተኛዎቹ የዝገት አፍቃሪዎች ናቸው። ጭረቱ፣ ዝገቱ፣ የተሰነጠቀው ጎማ ሁሉ “ታሪክ” ነው ይላሉ። ከዚያ ወስደው ካፌ ግድግዳ ላይ ይሰቅሏታል። ለንደን ውስጥ እንዲህ የተሰቀለ ብስክሌት ያለበት ካፌ ብዙ ነው። እነዚህኞቹ ራስኪንን ያነበቡ ይመስላሉ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልሄዱም። እሱ ሕንፃችሁን በጊዜው ተንከባከቡት፣ ያኔ ማደስ አያስፈልጋችሁም ነበር ያለው። ዝገት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትዝታ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል፤ በየዝናቡ ብረት የሚበላ ነገር ነው።

እኔ ስጠግን የያዝኩት ደንብ አንድ ነበር፤ ነጂውን የሚጎዳውን መቀየር፣ ዓይንን ብቻ የሚጎዳውን መተው። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፣ መያዣው አካባቢ በእጅ ብዛት ነጥቷል። ታጥቦ፣ ሰም ተቀብቶ ቀረ። ፔዳሉን ከመሐል ዘንግ ጋር የሚይዙት ሽብልቅ ፒኖች ግን በመዶሻ ወጥተው በአዲስ ተተኩ፤ ፒኑ ዳገት ላይ ከለቀቀ እግር ይሰብራል። መሪው ላይ ከኩሽኔታ ይልቅ ናይለን ቀለበት አለ። መሪውን ስለሚያከብደው ብዙዎች አውጥተው ይጥሉታል። እኔ ተውኩት፤ እጅ ለቆ መንዳት ባይፈቅድም ማንንም አይጥልም።

ከባዱ ጥያቄ ቸርኬው ነበር። የፋብሪካው ቸርኬ በክሮም የተነከረ ብረት ነው። ሲያምር! ዝናብ ሲነካው ግን ፍሬኑ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ለንደን ውስጥ ደግሞ ዝናብ ወሬ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው። እዚህ ላይ “ኦሪጅናል” የሚባለው ጣዖት ከአውቶቡስ ፊት ያቆማችኋል። ስለዚህ አልሙኒየም ቸርኬ ገባ፣ ያው አሮጌ ሞዞ በአዲስ ሽቦ ተሠራበት። ጎማ ስትገዙም ተጠንቀቁ፤ የኔዋ ጎማ 451 ሚሊሜትር ነው፣ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው 406 ሚሊሜትር፤ ሁለቱም ላይ “20 ኢንች” ተብሎ ይጻፋል።

አልሙኒየሙ የድሮ ክሮም አይመስልም፣ እንዲመስልም አላደረግኩትም። ጣልያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ በ1963 በጻፈው የእድሳት ንድፈ ሐሳብ፣ በተጎዳ ሥዕል ላይ የሚጨመር ነገር ከሩቅ ሥዕሉን እንዳያውክ፣ ከቅርብ ግን ጭማሪ መሆኑ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ለኔ የሐቀኛ ጥገና ትርጉም ይህ ነው። ቀርቦ ያየ ሰው የትኛው የ1974፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ ይለያል።

መንዳት

ግድግዳ ላይ ያለች ብስክሌት የምትነበበው ግማሿ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ በእግር ነው። ከፊንስበሪ ፓርክ ተነስቼ ወደ ሃይጌት ዳገት ስወጣ ትንሽ ጎማ ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ቶሎ ትነሳለች፣ ጉድጓድ ሲገጥማት ደግሞ ነገሩን ሳትደብቅ ለወገቤ ትናገራለች። ሞልተን ለምን ሞላ እንዳሰበ ያኔ ያለ መጽሐፍ ይታወቃል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትሄድ ሞዞው ቲክ ቲክ ይላል፣ በአንደኛ ዝም ይላል። ዓይኔን ሳላወርድ በየትኛው ማርሽ እንዳለሁ በጆሮዬ አውቃለሁ። ሽቦው ከላላ ደግሞ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ፔዳሉ በድንገት ከንቱ ይዞራል። ቆሞ የሚነዳ ሰው እዚያ ላይ ከወደቀ አፍንጫው መሪው ላይ ነው። ይህም የጽሑፉ አካል ነው፤ ሽቦውን አስተካክሎ መያዝ የነጂው ድርሻ ነው።

የምነዳው ስለዚህ ነው። አዳሹም ሰቃዩም ያላነበቡት ይሄ ነው፤ ብስክሌቷ ሥራ ላይ ሳለች ብቻ የምትናገረው ነገር አለ።

ምን አገባን?

“የራሱ ብስክሌት ነው፣ ወርቅ ቢቀባትስ?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይቀባት። የሚያሳስበኝ ልማዱ ነው። በስልካችን የሚዘዋወሩትን የድሮ አዲስ አበባ ፎቶዎች አስቡ፤ ጥቁርና ነጭ የነበሩ፣ ዛሬ በኮምፒውተር ቀለም የተቀቡ። ፒያሳ ጽዱ፣ መኪናው አብረቅራቂ፣ ሰዉ ሁሉ ሱፍ ለባሽ። ከሥር “ምን ነበርን!” የሚል አስተያየት ይደረደራል፤ ከጻፉት ብዙዎቹ እንደኔ ያንን ዘመን ያላዩ ናቸው። ውጭ አገር ስንኖር ደግሞ ይብስብናል፤ ናፍቆት ጎበዝ ቀለም ቀቢ ነው። ግን የዚያ ሱፍ ለባሽ ከተማ ታክሲ ሾፌር በየካቲት 66 ለምን ቆመ? በገጠሩ ረሃብ ሰው እየፈጀ አልነበረም ወይ? ቀለም የተቀባው ፎቶ ይህን አይመልስም፣ ጥያቄውንም እንድናነሳ አይፈልግም። ዘመኑን “አድሶታል”፤ ማለትም አሮጌው እንዳልነበረ አድርጎታል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ያለፈውን ሁሉ እንደ ዝገት ብስክሌት ሰቅለን “አትንኩት” ስንል ለኛ የሚሠራልን ነገር አይኖርም። ውርስ የሚባለው ነገር፣ ቋንቋም ይሁን ቤት ወይ ዘፈን፣ ዝናብ ላይ ፍሬን መያዝ አለበት። የማይዘውን ክፍል ለይቶ፣ እንደተለየ ሳይደብቁ መቀየር ሐቀኝነት ነው እንጂ ክህደት አይደለም።

ራሌ የኖቲንግሃም ፋብሪካውን በ2002 ዘግቷል፤ ከቀድሞው የፋብሪካ መሬት ላይ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። እዚያ የተሠሩት ትዌንቲዎች ግን በየጋራዡና በየጎዳናው አሉ። አንዷ እጃችሁ ከገባች፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የሞዞዋን ቁጥር ጠርጋችሁ አንብቡ። ከዚያ አርአያ ካስፈለጋችሁ ሙዚየም አትሂዱ፣ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱ። ከመነዳሪውን ይነፋና ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ በትዕግሥት ያያል፣ ይፍቃል፣ ይለጥፋል። ልጣፊው ከሩቅ ይታያል። ቀድሞ የተለጠፉትም ከጎኑ አሉ፣ አንዳቸውንም አያፍርባቸውም። ነፍቶ ይሰጣችኋል፣ “ሂድ፣ ይሠራል” ይላል። እኔ ካነበብኳቸው የእድሳት ንድፈ ሐሳቦች የሱን ያህል ያሳመነኝ የለም።